የከረጢት ሩዝ አይበቅልም

ማክሰኞ ዕለት ሬጂና ከማሳ የተመለሰችው በጫካው መንገድ ሳይሆን በባሕሩ ዳር ዞራ ነው። በጫካው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በባሕሩ ዳር ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። እግሯ እስከ ጉልበቷ አሸዋ ለብሶ፣ ጀርባዋ ላይ ምንም ሳትሸከም ስትመጣ ሳያት ከእሳቱ አጠገብ ተነሣሁ። እናቷ አፖሎኒያ ግን አልተነሣችም። ልጇን ከራስ እስከ እግር ተመለከተቻትና፣

«ድንቹስ?» አለቻት።

«ወንዙ ውስጥ ነው።»

«ማን ጣለው?»

«የማሮቶ ልጆች። ሁለት ናቸው። አንዱ የእማማ ስኮላስቲካ የልጅ ልጅ ነው፣ ዋረን የሚሉት።»

«ነኩሽ?»

«አልነኩኝም። ገጀራቸውን እንደ አጥር አጋድመው መንገዱን ዘጉት። ድንቹ የምድራችን ነው፣ መልሺው አሉኝ። ስመልሰው ደግሞ ወንዙ ውስጥ ጥለውት ሳቁ።» ሬጂና ተቀምጣ ከእግሯ ላይ አሸዋውን ማራገፍ ጀመረች። «እናት የሌላቸው ሰዎች በዚህ አያልፉም አሉኝ።»

እኛ ዘንድ ሰውን አባት የለህም ቢሉት ይስቃል። እናት የለህም ማለት ግን ወገን የለህም፣ ምድር የለህም፣ ስትሞት አፈር የሚያለብስህ የለም ማለት ነው። ባሌ ጆአኪም ከቤቱ ጀርባ መረብ ሲጠግን ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ፣ መረቡን አስቀምጦ ገባና ገጀራውንና የመሳያ ድንጋዩን ይዞ ወጣ።

ጆአኪም የአፖሎኒያ ወንድም ነው፤ ስለዚህ ሬጂና የሱ ናት። አባቷ ደግ ሰው ነው፣ ዓሣም በማጥመድ የሚተካከለው የለም፤ ግን እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሐሳቡን የሚጠይቀው የለም። የእህትን ልጅ ነገር የሚያነሣው የእናት ወንድም ነው።

«ቅዳሜ» አለ ጆአኪም፣ ብረቱን ድንጋዩ ላይ እየሳለ። «ቅዳሜ የማሮቶ ወንዶች ካካዎ ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። እዚያ እንነጋገራለን።»

«በዚህ ነው የምትነጋገሩት?» አለች አፖሎኒያ።

ገጀራውን ገልብጦ ሌላውን ጎኑን መሳል ቀጠለ።

ከኢሉኔ ወደዚህ ወደ ትልቁ ምድር ከመጣን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ አሥራ አንድ ቤተሰብ ነን። ኢሉኔን አንድ ደሴት ለማለት አሁን ያስቸግራል፤ ትልቁ ማዕበል በመጣ ቁጥር ለሁለት ትከፈላለች፣ ሲመለስም በደንብ አትገጥምም። እዚያ የቀሩት ዘመዶቻችን በዓሣና በኮኮናት፣ ደስ ሲላት በምትመጣው መርከብም ይኖራሉ። እዚህ የተሰጠን ሰፈር ከባሕሩ አጠገብ ነው፤ ማሳችን ግን ከጫካው ማዶ፣ በማሮቶ ሰዎች ምድር ላይ ነው። ወንዶቹ ወደ ባሕር ይወጣሉ። ጫካውን የምናቋርጠው እኛ ነን።

ረቡዕ የሰፈራ ጉዳይ ሹሙ በሞተር ሳይክል መጣ። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም፤ ለልጆቹ ብስኩት ሳይዝ መጥቶ አያውቅም። ወንዶቹ ከማንጎው ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ እኛ ከኋላ ቆምን። ሹሙ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣

«እሺ፣ የጸጥታ ችግር አለ ወይ?» ብሎ ጀመረ። «የቤተሰብ ኃላፊዎች አንድ በአንድ ይናገሩ።»

ወንዶቹ አንድ በአንድ ተናገሩ። ሬጂና አጠገቤ ቆማለች፤ መንገድ ላይ የነበረችው እሷ ናት፤ ማንም አልጠየቃትም። ሹሙ ሲጽፍ ቆየና፣

«ሁለት ፖሊስ እንዲመደብላችሁ እጠይቃለሁ» አለ። «ከተፈቀደ በአራት በአምስት ወር ይመጣሉ። እስከዚያው ሴቶቹ ወደ ማሳ ባይሄዱ ይሻላል።»

«እስከዚያው ምን እንበላለን?» አለች አፖሎኒያ ከኋላ።

«ዓሣ ነዋ» አለ አንዱ፣ ሌሎቹም ሳቁ።

«ዓሣ ብቻ መብላት ሰልችቶን ነው ከኢሉኔ የወጣነው» አለች። «እናንተ ዓሣውን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ከዚያ ድንቹ የታል ትላላችሁ።»

ሹሙ አንገቱን ሳያቀና፣ «ይህን ‹ልዩ ልዩ› በሚለው ሥር አስገባዋለሁ» አለ።

የሰፈራችን ሊቀ መንበር ጆአኪም ነው፤ ተነሥቶ ፖሊስ እንደማያስፈልገን፣ እጅ እንዳለን ተናገረ። ሹሙ ፊቱ ተለወጠ።

«ስማኝ፣ አጎቴ» አለው። «በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከእናንተም ይሁን ከእነሱ አንድ ሰው ከቆሰለ ሰፈራው ይዘጋል። አሥራ አንዳችሁንም ቤተሰብ መርከብ ላይ ጭነው ይመልሷችኋል።»

«ወዴት?» አለ ጆአኪም።

ሹሙ ቅጹን አጠፈ። ብስኩቱን ለልጆቹ አድሎ ሄደ። ወንዶቹ ሲበተኑ እየሳቁ ነበር፤ የቅዳሜው ዕቅድ ግን አልተሰረዘም። እኔም ጸጥታ የሚለው ቃል በጆሮዬ ቀረ። ሹሙ ስለ ጸጥታ ሲጠይቅ በእርግጥ ጸጥ ያልነው እኛ ነን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አፖሎኒያና እኔ ድስት እያጠብን ሳለ፣

«እናት የሌላቸው ያሉን ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሊሰድቡን ነዋ።»

«ልጅ እንዲህ ያለ ስድብ ከራሱ አያወጣም፣ እቴ። ቤት የሰማውን ነው። ከማን ሰማው?»

ከማን እንደሰማው ሁለታችንም አውቀናል። ለምን እንደተባለም አውቀናል፤ ያን ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ ከአፋችን አላወጣነውም።

አንድ ወገን በሌላ እናት ምድር ላይ ሊኖር ሲሄድ ጎደሬ ይቀድማል። ሴቶቹ ጎደሬ ከሚተከልበት ከእናታቸው ጉድጓድ የነቀሉትን ይወስዳሉ፤ የምድሩ ባለቤት የሆነችው ሴት ተቀብላ በጓሮዋ ትተክለዋለች። ሥር ሲይዝ ሰዎቹም ሥር ያዙ ይባላል። ሌላው ሁሉ፣ አሳማውም፣ ጭፈራውም፣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወንዶቻችን ምድር ለመለመን ሲነሡ ጆአኪም «ለስጦታው የሚሆን ችግኝ አላችሁ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ወንድ ወደ ጎደሬ ጉድጓድ አይወርድም፤ ያለውን የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። እኛም «ጥቂት አለ፣ ግን መርከቡ ላይ ይደርቃል። ደግሞ ዛሬ ይህን ልማድ ማን ይጠይቃል? ሩዝ ውሰዱ፣ የትልቁ ምድር ሰዎች ሩዝ ይወዳሉ» አልናቸው። እኔም ካሉት አንዷ ነኝ።

ወንዶቹ አንድ አሳማ፣ ሦስት ከረጢት ሩዝና አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ይዘው ሄዱ። ለእማማ ስኮላስቲካ ወንድም ለአጎት ቤኔት ሰጡ፤ ተጨባበጡ፤ በሹሙ ወረቀት ላይ ፈረሙ። እኛ ምንጣፋችንን ተሸክመን ተከተልን። የምድሩ ባለቤት እማማ ስኮላስቲካ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን እሳቸው ከፊት፣ እኛ ከኋላ እንቀመጣለን፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዳችንም ሄደን ሰላም አላልናቸውም። በባዶ እጅ እንዴት ይኬዳል?

«ነገ እሄዳለሁ» አለች አፖሎኒያ።

«ጆአኪምስ?»

«ባልሽ ነው። እሱን ላንቺ ትቼዋለሁ።»

ሸርጣን ለቀማ እንሄዳለን አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ፤ ገጀራውን እንደገና እየሳለ ነበር።

ማሮቶ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። እማማ ስኮላስቲካ ከቤታቸው ወለል በታች፣ በምሰሶዎቹ መካከል ባለው ጥላ ተቀምጠው የካካዎ ፍሬ ይሰብራሉ። ቀጭን ናቸው፤ ጥርሳቸው ዘወትር በሚያኝኩት የቡዋይ ፍሬ ቀልቷል። ዋረን ከፊታቸው ፍሬውን እያቀበለ ነው። አይቶን ደነገጠ፤ ቀጥሎም እንዳልደነገጠ ሆነ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ» አለች አፖሎኒያ።

አንድ ፍሬ ሰበሩ። ሌላ ሰበሩ።

«መንገድ ጠፍቷችሁ ነው?»

«አይ፣ ወደ እርስዎ መጥተን ነው።»

«ቤኔት ከወዲያኛው ቤት ነው። የእናንተ ሰዎች የሚያውቁት እሱን ነው።»

«እኛ እርስዎን ነው የምንፈልገው።»

«በሦስተኛ ዓመታችሁ» አሉ እማማ ስኮላስቲካ። «ደኅና ነው። ሩቅ ነው መሰለኝ።»

ዋረን ሳቀ።

«አንተ ውሃ ቅዳ» አሉት።

«አያቴ፣ ውሃ የሴት ሥራ ነው።»

«መንገድ ለመዝጋት ጊዜ ያለው ለውሃም ጊዜ አለው። ሁለቱንም ጀሪካን ውሰድ።»

ጀሪካኖቹን እያንኳኳ ሄደ። እሳቸውም በእጃቸው መሬቱን አሳዩንና ተቀመጥን። አፖሎኒያ የመንገዱን ነገር ነገረቻቸው፤ የቅዳሜንም አልደበቀችም። ወንድሟ ገጀራ እየሳለ እንደሆነ፣ ሹሙ ምን እንዳለ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እማማ ስኮላስቲካ እያዳመጡ ሥራቸውን አላቋረጡም።

«ልጆቹን እቆጣቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ምን ብዬ? የኔ ሰዎች ናቸው ልበል? የት አውቄያችሁ? ወንድሜ ሩዙን በላ። እኔም በልቻለሁ፣ አልዋሽም፤ ዓሣውም ጥሩ ነበር። ግን የከረጢት ሩዝ ይበቅላል? ያኔ ትመጣላችሁ ብዬ ጉድጓድ አስቆፍሬ ጠበቅሁ። አንድ ወር ጠበቅሁ። ዝናብ ሞላበት፣ ዳክዬ ገባበት። ወይ ኩሩ ናቸው ወይ እናት የላቸውም አልኩ። በልጆቹ ፊት ነው ያልኩት፤ ጥፋቱ የኔም ነው።»

አፖሎኒያ ዓይኗን ወደኔ መለሰች። እኔ የምትለውን አውቄ ነበር፤ እንዳትለውም ፈልጌ ነበር። ኢሉኔ ላይ ጎደሬዋ የበሰበሰባትን ሴት እጇ ጨው ነው ይሏታል። ከዚያ ወዲያ የሠርግ ምግብ አታቀርብም፣ የአራስ ልጅም አታቅፍም።

«ጎደሬ የለንም» አለች። «አንድም የለንም።»

እማማ ስኮላስቲካ ያነሡትን ፍሬ ሳይሰብሩት ያዙት።

«ባሕሩ ከላይ ቢመጣ እናየው ነበር» አለች አፖሎኒያ። «የመጣው ከሥር ነው። መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆነ። እናቴ የበሰበሰ ቅጠል ጨመረችበት፣ እንደ ሕመምተኛ አስታመመችው። ስንነቅለው ሥሩ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ከሌላ ደሴት በታንኳ አፈር አመጣን፤ እሱም ጨው ሆነ። እናቴ በሞተችበት ወር ወደ ጉድጓዷ ወረድኩ። ውሃ ነበር። ውሃው ውስጥ ደግሞ ዓሣ ነበር።»

«ዓሣ?»

«ትንሽ፣ ሰማያዊ።»

እማማ ስኮላስቲካ ወደኔ ዞሩ። «ያንቺስ?»

«የኔ ቀድሞ ነው የሞተው» አልኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለባሌም።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን፣ እማማ? እጃችን ጨው ነው ብለን?»

አሮጊቷ ፍሬውን መሬት ላይ አስቀምጠው በምሰሶው ተደግፈው ተነሡ። የመቆፈሪያ እንጨታቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ አፈሩ ያልረገፈ፣ ግንዱ ቀይ የሆነ የጎደሬ ችግኝ በእጃቸው ነበር። አፖሎኒያ ጭን ላይ አኖሩት።

«ቅዳሜ ታመጪልኛለሽ።»

«ይህ የእርስዎ ነው እኮ።»

«ከኔ ሌላ ያለው ማን ነው? ለኔ የምትሰጪውን ካልሰጠሁሽ ከየት ታመጪዋለሽ?» ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አሁን ስሚ። የሚሸከመው ወንድምሽ ነው፣ በሁለት እጁ። ከእናንተ ኋላ ይሄዳል፣ አይናገርም። ደግሞ ይህን ንገሪው፣ ሳትነግሪው እንዳታመጪው፦ ከኔ ጎደሬ የተነሣ ሰው ልጄ ነው። አንቺ ልጄ ትሆኛለሽ። ከእንግዲህ በምድሩ ነገር የምናገረው እኔ ነኝ፣ ከኔ በኋላ ሴት ልጄ። ወንድምሽ የልጄ ወንድም ነው እንጂ የማንም ሊቀ መንበር አይደለም።»

«አይቀበልም» አልኩ ሳላስበው።

«ሚስቱ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ታውቂዋለሽ። እኔ በጦርነቱ ሁለት ወንዶች ልጆቼን ቀብሬያለሁ። እሱም የተጀመረው በማንጎ ሥር ስብሰባ ነው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጆአኪምን ባሕሩ ዳር፣ ታንኳው አጠገብ አገኘነው። ሬጂናም ተከትላን መጣች። አፖሎኒያ በእርጥብ ቅጠል የጠቀለለችውን ችግኝ አሸዋው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። መጀመሪያ የተናደደው በስጦታው ነው።

«የራሷን ጎደሬ ተሸክሜ ሄጄ እንኪ ልበላት? በሰው ሁሉ ፊት? ልጅ ነኝ የምጫወት?»

«አትናገርም። እኔ ነኝ የምናገረው።»

«ይባስ።» ከዚያ የቀረው ነገር የገባው መሰለኝ፤ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ቆይ። የእናታችን ጉድጓድ ውስጥ ዓሣ ነበር ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«በሞተችበት ወር።»

በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። «ከዚያ በኋላ ነው የባሕሩን መከላከያ ግንብ ለሦስተኛ ጊዜ የሠራሁት» አለ። «ጉድጓዶቹ እንዲተርፉ ብዬ። አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ከባሕር አወጣሁ። ጀርባዬ እስከ ዛሬ...» ወደኔ ዞረ። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«ግንቡን ስትሠራ ደስ ይልህ ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ከእጁ ሲወጣ ያ ግንብ ብቻ ነበር የቀረለት። እየሠራ ያንጎራጉር ነበር።

ታንኳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲቆጣ አውቀዋለሁ፤ ይህ ግን ቁጣ አልነበረም። ልነካው ፈለግሁ፣ ግን እህቱ ፊት ስለሆነ ተውኩት።

«ሊቀ መንበርነቱንም ተወው ነው የምትለው» አለ። «እሺ፣ እሱስ ምን አለበት፤ ወንበር እንኳ የለውም። ግን ልጃችንን ሰድበዋታል። እንዲሁ ልለፈው? የእናት ወንድም አይደለሁም?»

ሬጂና እስከዚያ ድረስ ቆማ ነበር።

«አጎቴ» አለችው። «ቅዳሜ ብትጋደሉ እሑድ ተኝታችሁ ትውላላችሁ። ሰኞ ድንች የሚያመጣው ማን ነው?»

አላያትም።

«እኔ ነኝ» አለች። «በዚያው መንገድ።»

ጆአኪም ወደ ባሕሩ ዞረ። እኛም ችግኙን አንሥተን ሄድን። ያደርገዋል ወይስ አያደርገውም፣ አላወቅንም።

ቅዳሜ ማለዳ ወንዶቹ ገጀራቸውን ይዘው ከማንጎው ሥር ሲሰበሰቡ ጆአኪም የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ ከቤት ወጣ። ሳልጠራው መጣ። ችግኙ ያለበትን ቅርጫት በሁለት እጁ አነሣና ከሴቶቹ ኋላ ቆመ።

«ጆአኪም፣ ገጀራህስ?» አለው አንዱ።

«እጄ ሞልቷል።»

«ቀሚስ ላምጣልህ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ጆአኪም ዓይኑን ከቅርጫቱ አላነሣም። ወንዶቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ተከተሉን፣ ገጀራቸውን እንደያዙ። ጫካውን አቋርጠን ወንዙ ጋ ስንደርስ የማሮቶ ሰዎች ማዶ ቆመዋል፤ ወጣቶቹ ከፊት፣ እጃቸውም ባዶ አልነበረም። እማማ ስኮላስቲካ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንድማቸው አጎት ቤኔት ፊታቸውን አጥቁረው ከኋላ ቆመዋል።

«ሩዝ አመጣችሁ?» አለ ዋረን።

ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ተሻገርን። ወንዶቻችን ከወዲህ ቀሩ። አፖሎኒያ ከጆአኪም እጅ ቅርጫቱን ተቀብላ ተንበረከከች፣ ችግኙንም ከቅጠሉ አወጣች። በዚህ ጊዜ የሚባለው አንድ ነው፦ ይህ ከእናቴ ጉድጓድ ነው። ሌላ ቃል የለውም።

አፖሎኒያ «ይህ...» አለችና ቆመች።

«ይሄማ የኛ ነው» አለ ዋረን። «ቀይ ግንድ ከአያቴ ጓሮ በቀር የለም። ሰርቀው ነው።»

ከኋላችን ወንዶቹ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ሰማሁ። ከወዲያም አንዱ ገጀራውን ከትከሻው አወረደ። ጆአኪም ባዶ ቀርተው በነበሩት እጆቹ ቅርጫቱን መልሶ አነሣና ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። ወደ ወንዶቻችን ዞሮ ቆመ። አልተናገረም፤ መናገር የለበትማ። መንገዱ መካከል ብቻ ቆመ።

«አልተሰረቀም» አለች አፖሎኒያ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «የእናቴ ጉድጓድ ባሕር ሆኗል። የሁላችንም ጉድጓድ ባሕር ሆኗል። ጎደሬ የለንም፤ ያላመጣነው ንቀን ሳይሆን አፍረን ነው። ይህ የእማማ ስኮላስቲካ ነው። እንድሰጣቸው ሰጡኝ። ሌላ የምሰጠው የለኝም።»

ከአጠገቤ ካሉት ሴቶች አንዷ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ከኋላ አንድ ወንድ «ምን ትላለች?» ሲል ሌላው ዝም አሰኘው። የማሮቶ ሴቶች ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከእነሱ አንዷ፣ ትልቅ ሴት፣ ከንፈሯን በሐዘን መጠጠች።

እማማ ስኮላስቲካ ችግኙን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ የገዛ አፈራቸው ጭናቸው ላይ ፈሰሰ።

«ከልጄ ተቀብያለሁ» አሉ። «ዋረን፣ ጉድጓድ ቆፍር።»

«እኔ?»

«ግንዱን ያወቅኸው አንተ አይደለህ?»

አጎት ቤኔት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከኔ ጋር የተፈራረሙት ወረቀትስ ምን ሊሆን ነው?»

«ትከለው» አሉ እህታቸው። «ከበቀለ እናያለን።»

መጀመሪያ የሳቁት የማሮቶ ሴቶች ናቸው፤ ከዚያ እኛ፤ ከዚያ ከወንዶቹ አንዳንዶቹ። ሁሉም አልሳቀም። ከእኛ ወገን አንዱ ምራቁን ውሃው ላይ ተፍቶ ተመለሰ፤ በወሩ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ሄደ፤ በአሮጊት ሥር አልኖርም ብሎ። አጎት ቤኔትም ከጆአኪም ጋር ሳይጨባበጡ ሄዱ። ዋረን ቆፈረ፤ ድንጋይ ሲያገኝ ይረግማል፣ አያቱም እንደገና ጥልቅ አድርገው ያስቆፍሩታል። ገጀራዎቹ አንድ በአንድ ሣሩ ላይ ወደቁ፤ ማን መጀመሪያ እንዳስቀመጠ አላየሁም።

ሰኞ ሬጂና ከሌሎች አራት ልጃገረዶች ጋር ወደ ማሳ ተነሣች። ጆአኪም ልከተላችሁ አለ።

«አይሆንም» አለችው።

«ከሩቅ ነው።»

«ከሩቅም አይሆንም፣ አጎቴ። አጃቢ ይዤ ከሄድኩ ዕድሜ ልኬን አጃቢ ልይዝ ነው።»

ያን ቀን ወደ ባሕር አልወጣም። ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ሌሎቹ ሁሉ ወጡ። እሱ ጫካው ወደሚጀምርበት ዞሮ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ምሳ ወሰድኩለት፤ አልበላም። ኢሉኔ ሳለን ማዕበል ሲነሣ እንደዚያ የምንቀመጠው እኛ ነበርን፤ ምን እንደሚሰማው አውቅ ስለነበር ምንም አላልኩትም። አጠገቡ ተቀምጬ የምንጣፍ ቅጠል ሰነጠቅሁ።

ፀሐይ ወደ ዛፎቹ ስታዘነብል የልጃገረዶቹ ሳቅ ተሰማ። በጫካው መንገድ ነው የመጡት። ጆአኪም ተነሣ፤ ደግሞ መነሣቱ አሳፈረው መሰለኝ ተቀመጠ።

«ምን አሏችሁ?» አለ፣ ሬጂና ስትደርስ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ዋረን ወንዙ ጋ ነበር። ጀርባውን ሰጠን።»

«ጀርባውን ለመስጠት ምን አባቱ...»

«ይሻላል፣ አጎቴ። እኔ ወዳጅነቱን አልፈለግሁም፣ መንገዱን ነው።» ከአጠገቤ ተቀምጣ ውሃ ጠጣች። «እማማ ስኮላስቲካን አገኘኋቸው። ከዝናቡ በፊት ማሳው ላይ ቦይ ይቆፈር፣ ረቡዕ ወንዶቻችሁ ይምጡ ብለዋል። ካልተቆፈረ ድንቹ ይበሰብሳል ነው የሚሉት።»

«እኔ ቦይ መቆፈር የት አውቃለሁ?»

«እንደማታውቅ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«አሳየዋለሁ፣ ይምጣ አሉ።»

ጆአኪም መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸ።

«በስንት ሰዓት?» አለ።